ክላምፕ አፍ ላይ ሽቦ እየተበጠሰ ነው፤ ክላምፑን መቀየር ብቻ ይበቃል?

አፋፍ_ላይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የከፍተኛ ኃይል መስመር ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

የምንጠግነው መስመር 132 ኪሎ ቮልት ነው። ሽቦው ሃውክ የሚባለው ነው፤ 26 የአሉሚኒየም ክር አለው፣ እምብርቱ ላይ ደግሞ 7 የብረት ክር። ባለፈው ሳምንት ኃይል ተቋርጦልን አንድ ታወር ላይ የተሰነጠቀ ስኒ (ሽቦውን ከታወሩ የሚለየው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ዕቃ) ልንቀይር ወጣን። ታወሩ የቆመው ገደል አፋፍ ላይ ነው። በአንድ በኩል ገብስና ስንዴ የሚዘራበት ሰፊ ሜዳ ነው፣ ዛፍ እንኳ የለውም። በሌላ በኩል መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሽቦውም ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ያለው ታወር ላይ ነው የሚያርፈው።

ስኒውን ለመፍታት ሽቦውን በሆይስት (በማንሻ) ከፍ ስናደርግ ሰስፔንሽን ክላምፑ፣ ማለትም ሽቦውን ስኒው ሥር አንጠልጥሎ የሚይዘው ዕቃ፣ አፍ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። መጀመሪያ የቆየ ቅባት መስሎኝ ነበር። በጓንቴ ጠረግ ሳደርገው ግን እንደ ጥላሸት ያለ ዱቄት ነው፣ ጓንቱ ላይ ተለድፎ ቀረ። ነገሩ ስላላማረኝ ክላምፑን እንክፈተው አልኩ። ክዳኑን ስናነሳ ከላይኛው ድርድር አራት ክር ተበጥሶ አገኘን። የተበጠሰው ክላምፑ መሐል አይደለም። ሽቦው ከክላምፑ የሚወጣበት አፍ ላይ ነው፣ ያውም በገደሉ በኩል። ስብራቱ ደግሞ ተስቦ የተበጠሰ አይመስልም። ተስቦ የሚበጠስ ሽቦ ጫፉ ይቀጥናል፤ ይሄ ግን በመጋዝ የተቆረጠ ያህል ለጥ ያለ ነው።

የተሰጠን ጊዜ እያለቀ ስለነበር ክሮቹን ወደ ቦታቸው መልሰን፣ በላያቸው የጥገና ዘንግ ጠቅልለን፣ ያንኑ ክላምፕ መልሰን ዘጋንና ወረድን። አለቃዬ «ክላምፑ አርጅቷል፣ በሚቀጥለው አዲስ እናስርና ጠበቅ እናደርገዋለን» ይላል። እኔ ግን ክላምፑ ላይ ስንጥቅም ዝገትም አላየሁም። የቀሩትን ታወሮች ከታች ሆነን በባይነኩላር ስናይ ምንም አይታይም። አንድ ነገር ግን አለ። ጠዋት ጠዋት የታወሩ እግር ላይ እጄን ሳሳርፍ ብረቱ ሲርገበገብ ይሰማኛል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ክላምፕ መቀየር ብቻ ይበቃል? የቀሩትንስ ታወሮች መክፈት አለብን? ያለ በቂ ምክንያት ኃይል ይቋረጥልን ብሎ መጠየቅ ከባድ ስለሆነ ነው።

የድሮ_ላይንማን፦

ልጄ፣ ክላምፑን ከፍተህ ማየትህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ስኒውን ቀይሮ ይወርዳል።

«ጠበቅ እናደርገዋለን» የሚለውን ግን እባክህ ተወው። እኔ በዚህ ሥራ 27 ዓመት ቆይቻለሁ። ላልቶ ሽቦ ከጎዳ ክላምፕ ይልቅ ከልክ በላይ ጠብቆ የጎዳ ነው በብዛት ያየሁት። ሰስፔንሽን ክላምፕ ጉተታ የሚይዝ ዕቃ አይደለም። ጉተታውን የሚይዘው መስመሩ የሚታጠፍበት ጥግ ላይና መጨረሻው ላይ ያለው ቴንሽን ክላምፕ ነው፤ እሱ ሽቦውን ነክሶ ይይዛል፣ ብዙውን ጊዜም በፕሬስ የተጨመቀ ነው። ሰስፔንሽን ታወር ላይ የግራውና የቀኙ ጉተታ ስለሚመጣጠን ክላምፑ የሚሸከመው ክብደቱን ነው። እንደ ጀልባ ያለ ቅርጽ የተሰጠውም ሽቦው ሆዱ ላይ ተኝቶ፣ በሁለቱም ጫፍ ቀስ ብሎ ታጥፎ እንዲወጣ ነው። ክዳኑና ዩ ቦልቶቹ ሽቦው ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት ይዘውት ይቆያሉ፣ ሥራቸው ይኸው ነው። አንዱ ጎን ላይ ሽቦ ቢበጠስ እንኳ ጉተታው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ክላምፑ ሽቦውን እንዲያንሸራትት ተደርጎ የሚሠራበት ዲዛይን አለ። አለበለዚያ ያ ሁሉ ጉልበት የታወሩን ክንድ ይጠመዝዘዋል።

አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ፣ ሌላ መስመር ላይ የሆነውን ልንገርህ። ሥራውን የወሰደው ኮንትራክተር ሠራተኞች ቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካው መፍቻ፣ አልነበራቸውም። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክተው ባላቸው ጉልበት ያጠብቁ ነበር። ያኔ ሁላችንም «ጠንካራ ሥራ» ብለን ነው ያለፍነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከፍተን ስናይ የክዳኑ ጠርዝ ሽቦው ላይ እንደ ማኅተም ታትሟል። ክቡ የነበረው ክር እዚያ ቦታ ላይ ተደፍጥጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። የተበጠሱት ክሮች በሙሉ የተበጠሱት ጠርዙ በታተመበት ቦታ ላይ ነበር። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ከልክ በላይ ከጫንከው እያደር ይሸሻል፣ ቦልቱም ራሱ መልሶ ይላላል፣ ስለዚህ ማጥበቁ የጠቀመን ነገር የለም።

የቶርኩ፣ የማጥበቂያው ጉልበት፣ ልክ ክላምፑ ላይ ተቀርጾ ወይም ካታሎጉ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ሁለቱን ዩ ቦልት እያፈራረቅህ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግህ አጥብቀው። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ።

ሁለት ነገር ንገረኝ። ዳምፐሩ፣ ሽቦው ላይ የሚታሰረው ንዝረት ማብረጃ፣ የት ነው ያለው? ክላምፑስ የተንጠለጠለበት ጆሮ ላይ እንደ ልቡ ይወዛወዛል ወይስ ዝጎ ተይዟል? ከተያዘ ሽቦው ሲንቀሳቀስ ክላምፑ አብሮት አይሄድም፣ መታጠፉ ሁሉ አፉ ላይ ያርፋል።

ነፋስ_ቆጣሪ፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ከዲዛይን በኩል ልጨምር።

ያየኸው ጥቁር ዱቄት አሉሚኒየም ነው። ክሮቹ እርስ በርስና ከክላምፑ ጋር ሲፋተጉ ብናኙ ኦክሳይድ ሆኖ ይጠቁራል። ዱቄቱ ካለ ፍትጊያ አለ፣ ፍትጊያ ካለ መርገብገብ አለ። ለጥ ያለው ስብራትም ያንኑ ነው የሚናገረው። ሽቦው በጉልበት አልተሸነፈም፣ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ወዲህና ወዲያ ታጥፎ ነው የደከመው። የቆርቆሮ ክዳን ደጋግመህ ስታጥፈው እንደሚቆረጠው ማለት ነው፣ ልዩነቱ እዚህ እጥፋቱ በዓይን የማይታይ መሆኑ ብቻ ነው።

ይሄን የሚያመጣው ኃይለኛ ነፋስ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከባድ ነፋስ የተበጣጠሰ ስለሆነ ሽቦውን በአንድ ምት አያረገበግበውም። ጉዳቱን የሚያደርሰው በሰከንድ ከ1 እስከ 7 ሜትር የሚሄድ፣ የገብስ ዛላ የሚያወዛውዝ ዓይነት ለስላሳ ነፋስ ነው። ክብ ሽቦን ሲያልፍ ከኋላው አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ሽቦውንም ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የነፋሱን ፍጥነት ለሽቦው ውፍረት አካፍለህ በ0.185 ታባዛዋለህ። ሃውክ 21.8 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ከሆነ ሽቦው በሰከንድ 25 ጊዜ ይረገበገባል ማለት ነው። በአንድ ሰዓት 90 ሺህ ጊዜ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ብቻ ቢነፍስ ከሩብ ሚሊዮን ያልፋል፣ በቀን!

ያንተ ሜዳ ለዚህ የተመቸ ነው። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ ነፋሱን የሚሰብር ነገር የለም። ከዚያ ደግሞ ገደሉን የሚሻገር ረጅም ስፓን (ከታወር እስከ ታወር ያለው ሽቦ) አለህ። ኅዳርና ታኅሣሥ ንጋት ላይ ደጋው ሲበርድ ሽቦው ይኮማተርና ጉተታው ይጨምራል። ሽቦ በጠበቀ ቁጥር ክሮቹ እርስ በርስ ተፋትገው ንዝረቱን የማብረድ አቅማቸው ይቀንሳል። በ1960 ሲግሬ የሚባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ባለሙያዎች ለእንዲህ ያለ ሽቦ፣ መከላከያ ካልተደረገለት፣ የዘወትር ጉተታው ከመበጠሻ ጉልበቱ 18 በመቶ እንዳይበልጥ መክረው ነበር። ለሃውክ ወደ 1.6 ቶን ይመጣል። በኋላ ያን ልክ ጠብቀው የተሠሩ መስመሮችም ተጎድተው ስለተገኙ ቁጥሩ ብቻውን አያድንም፤ ዳምፐርና አርመር ሮድ (ክላምፑ ጋ ሽቦው ላይ የሚጠቀለለው መከላከያ ዘንግ) ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ከታች በባይነኩላር አይታይም ያልከውም ትክክል ነህ። ንዝረቱ ሲበዛ ቢበዛ የሽቦውን ውፍረት ቢያክል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያም ያንሳል። በዚያ ጉተታ ሽቦው በየ2.5 ሜትሩ እየተከፋፈለ ነው የሚረገበገበው፣ ልክ እንደ ክራር ክር። ማዕበሉ ሽቦው ላይ ሲጓዝ መጥቶ ክላምፑ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ግድግዳ ስለሚሆንበት ሁሉንም መታጠፍ የሚቀበለው አፉ ነው።

አፋፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በሜዳው በኩል ሽቦው ከክላምፑ ጋደል ብሎ ነው የሚወጣው። በገደሉ በኩል ግን ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ገና ሳይረገበገብ አፉ ላይ በደንብ ታጥፏል፣ ክብደቱም በዚያ በኩል ይበዛል። አራቱም ክር በገደሉ በኩል መበጠሱ ይሄንን ነው የሚያሳየው። ክላምፑ የሚፈቅደውን የመውጫ ማዕዘን ከካታሎጉ እየው። ካለፈ፣ ወይ ሁለት ክላምፕ ጎን ለጎን በአንድ ማያያዣ ላይ ይታሰራል፣ ወይ ጎማ ያለበት ዓይነት ይደረጋል። ጎማ ያለው ክላምፕ ሽቦውን ለስላሳ ጎማ ላይ ያስተኛዋል፣ ጎማውን ከላይ ዘንጎች ይጠቀልሉታል፣ ብረቱ የሚያቅፈው ዘንጎቹን ነው። ሽቦው ጠርዝ የሚባል ነገር አይነካውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አራት ክር ስላየህ አራት ብቻ ነው አትበል። ሃውክ ከላይ 16፣ ከሥሩ 10 የአሉሚኒየም ክር ነው ያለው። ፍትጊያው በሁለቱ ድርድሮች መካከልም ስለሚካሄድ ከሥር የተበጠሰ ሊኖር ይችላል፣ ከላይ ስታየው ግን ደህና ይመስላል።

ግምጃ_ቤት፦

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሳነብ አንድ ነገር በጣም አሳሰበኝ። በጥገና ዘንግ ጠቅልለን ያንኑ ክላምፕ መልሰን ዘጋን ነው ያልከው? ክላምፑ የተሠራው ለራቁት ሽቦ ነው ወይስ ዘንግ ለተጠቀለለበት?

እኔ ዕቃ ርክክብና ቴክኒካል ግምገማ ላይ ነው የምሠራው፣ ይሄ ስህተት ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ክላምፕ እንደ ጫማ ቁጥር አለው። የሽቦው ውፍረት 21.8 ነው። የዘንጉ ውፍረት 6 ሚሊሜትር ቢሆን እንኳ በሁለቱም በኩል ስለሚጨምር በአጠቃላይ ወደ 34 ሚሊሜትር ይመጣል። ለ22 የተሠራ ቦይ ውስጥ 34 አይተኛም። ጠርዙ ላይ ይንጠለጠላል፣ ክዳኑም ሁለት ሦስት ዘንግ ላይ ብቻ ያርፋል። የዩ ቦልቱ ዳዶ ስንት ጥርስ እንደያዘ አስታውስ እስቲ። ሲታዘዝ ሁሌ «ከአርመር ሮድ ጋር» ወይም «ያለ አርመር ሮድ» ተብሎ መጻፍ አለበት። ጨረታ ላይ የሽቦው ስም ብቻ ይጻፍና የሚመጣው ዕቃ ለራቁት ሽቦ ይሆናል።

አዲስ ክላምፕ ስታስመጡ ዓይነቱንም ተመልከቱ። የብረት ክላምፕ ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ይመስላል። ግን ተለዋዋጭ ከረንት የሚያልፍበትን ሽቦ በብረት ከከበብከው ብረቱ ራሱ ይሞቃል፣ ኃይልም ይባክናል። ጭነቱ ትልቅ በሆነ መስመር ላይ በዓመት ሲደመር የአሉሚኒየም ቅይጥ ክላምፕን ዋጋ ልዩነት ይበላዋል። በ230 እና በ400 ኪሎ ቮልት ደግሞ ሹል ጠርዝ፣ ወጣ ያለ ቦልት፣ ሻካራ ቀረጻ ኮሮና ያመጣል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ አየር ሲያፈተልክ ማለት ነው፣ ሌሊት ላይ የሚንሻሻው ድምፅ ከእሱ ነው። ስለዚህ ዕቃው ሲመጣ በእጃችሁ ዳብሱት። እኔ ሁልጊዜ የቦዩን አፍ በአውራ ጣቴ ነው የምፈትሸው። ከንፈሩ ወደ ውጭ ተጠቅልሎ እንደ ጡሩምባ መከፈት አለበት። ሹል ሆኖ ካገኘሁት አልረከብም። አንዴ አንድ ሳጥን ሙሉ መልሻለሁ፤ አምጪው በጣም ተቆጥቶ ነበር፣ ግን ያ ሹል ጠርዝ ሽቦ ላይ ቢወጣ ኖሮ አንተ ያየኸውን ነበር የሚያመጣው።

አይኢሲ 61284 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተሰጠ የሙከራ ሰርተፊኬት ጠይቁ። ስለ መንሸራተቱ፣ ስለሚሸከመው ክብደት፣ ስለ መግነጢሳዊ ብክነቱ የተፈተነ መሆኑን ያሳያል። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥርና ክላምፑ ላይ የተቀረጸው አንድ መሆኑን ግን ራሳችሁ አመሳክሩ።

አፋፍ_ላይ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው። ዳዶው ሁለት ጥርስ ብቻ ነው የያዘው። ስንዘጋው ራሱ አስቸግሮን ነበር፣ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ከቢሮ የዕቃ ዝርዝሩን አውጥቼ አየሁ፣ ክላምፑ ለራቁት ሽቦ የተሠራ ነው።

ጋሼ፣ ለጠየቁኝ። የዳምፐሩን ነገር ከዚያ ቀን ያነሳሁትን ፎቶ አጉልቼ አየሁ። በሜዳው በኩል ያለው ቦታው ላይ ነው። በገደሉ በኩል ያለው ተንሸራትቶ ወደ ስፓኑ ውስጥ ገብቷል፣ ከክላምፑ ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ይርቃል። አንደኛው ክብደቱም ወደ ታች ተንጠልጥሏል። የክላምፑን ጆሮ አላየሁትም፣ ግን ሆይስቱ ላይ እያለ በእጄ ስገፋው አልዞር ብሎኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

የድሮ_ላይንማን፦

እንግዲህ ልጄ፣ ይሄ የሚቀጥለውን ፕሮግራም የሚጠብቅ አይደለም። ዛሬውኑ ጽፈህ ለአለቃህ ስጠው። ሁለት ጥርስ የያዘ ዳዶ፣ የማይዞር ጆሮ፣ የሸሸ ዳምፐር፣ የተበጠሰ ክር። አራቱን በአንድ ወረቀት ላይ ካስቀመጥክ ኃይል ይቋረጥልኝ ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግህም።

ዳምፐር ከቦታው ከሄደ የለም ማለት ነው። ያን ዕቃ በ1920ዎቹ ያወጣው ስቶክብሪጅ የሚባል የካሊፎርኒያ መሐንዲስ ነው፤ ሁለት ክብደት በአንድ የብረት ገመድ ጫፍና ጫፍ። ሽቦው ሲረገበገብ ክብደቶቹ ይወዛወዛሉ፣ ገመዱ ይታጠፋል፣ ንዝረቱ እዚያ ይበላል። ይሄን የሚያደርገው ግን ከክላምፑ አፍ በተለካ ርቀት ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ርቀቱ በሽቦው፣ በጉተታውና በስፓኑ ስለሚለያይ ከሌላ መስመር አትገልብጥ፣ የራሳችሁን ሠንጠረዥ አውጣ። የተንጠለጠለውን ክብደት ደግሞ አታቅና፣ ገመዱ ሞቷል፣ ቀይረው።

ስትወጡ ለነፍሳችሁ ተጠንቀቁ። ሃውክ በኪሎሜትር ወደ 976 ኪሎ ይመዝናል። አፋፍ ላይ ያለ ታወር ከሌላው የበለጠ ርዝመት ነው የሚሸከመው፣ ስለዚህ ግማሽ ቶን ሆይስቱ ላይ እንደሚያርፍ አስቡና በእሱ ልክ ያዙ። ኃይሉ ተቋርጧል ተብሎ ብቻ ሽቦ አይነካም። አጠገባችሁ ሌላ መስመር እየሠራ ከሆነ የተቋረጠው ሽቦ ላይ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይመጣል። የምትሠሩበት ታወር ላይ ኧርዝ ሳታደርጉ፣ ማለትም ሽቦውን ከመሬት ጋር ሳታገናኙ፣ ክላምፑን አትክፈቱ። ሽቦ ልትቆርጡ ከሆነ ደግሞ የምትቆርጡበትን ቦታ በግራም በቀኝም ኧርዝ አድርጉ። ጓደኛዬን ያጣሁት እንደዚያ ነው።

ከሳክራሜንቶ፦

ከሩቅ ሆኜ እያነበብኩ ነበር። እኔም መስመር ላይ ነው የምሠራው፣ እዚህ ካሊፎርኒያ። ውይይቱ ክላምፑ ላይ ስላተኮረ ከክላምፑ በላይ ያለውንም እንድታዩ ልለምናችሁ።

በኖቬምበር 8 ቀን 2018፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 2011፣ ፓራዳይዝ የሚባለውን ከተማ ያጠፋው እሳት የተነሳው ከ115 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። ክላምፑ አልነበረም የተሰበረው። ስኒውን ከታወሩ ክንድ ጋር የሚያያይዝ መንጠቆ ነበር፣ መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበ። መንጠቆው የተንጠለጠለው የብረት ሳህን ቀዳዳ ውስጥ ነው። ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ብረት ብረትን እየሞረደ፣ እየሞረደ ቀጠነና ተበጠሰ። ሽቦው ወድቆ ታወሩን ነካ፣ ብልጭታው ደረቅ ሣር ላይ አረፈ። 85 ሰው ሞተ፣ ከ18 ሺህ በላይ ሕንፃ ተቃጠለ። የመስመሩ ባለቤት ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ በ2020 ፍርድ ቤት ቀርቦ በ84 ሰዎች ሞት ጥፋተኛ መሆኑን አምኗል።

ከዚያ ወዲህ እኔ ታወር ላይ ስወጣ መጀመሪያ የማየው መንጠቆና ቀዳዳ ነው። ከታች ስታየው መንጠቆው ሙሉ ይመስላል፣ ምክንያቱም የሚበላው የሚነካካበት ውስጠኛው በኩል ነው። ክብደቱን በሆይስት ካነሳህለት በኋላ አላቀህ በጣትህ ዳብሰው። የተበላ ቦታ ካለ ኮርቻ የመሰለ ጎድጓዳ ታገኛለህ። ሽቦውን ከፍ ባደረጋችሁበት በዚያው ሰዓት ሻክሉንም (የማያያዣውን ቀለበት)፣ የስኒውን ኳስና ማቀፊያ፣ ኮተር ፒኑንም (ማያያዣው እንዳይወልቅ የሚይዘውን ሽብልቅ ሽቦ) እዩ። አንድ ጊዜ ወጥታችኋል፣ ተጨማሪው አሥር ደቂቃ አይሞላም።

አፋፍ_ላይ፦

ትናንት ወጥተን ጨረስን፣ ስለዚህ ያገኘነውን ልንገራችሁ።

አለቃዬ ወረቀቱን ካነበበ በኋላ አልተከራከረም። ራሱ ነው ደውሎ ኃይሉ እንዲቋረጥ ያስፈቀደው። ኧርዝ አደረግን፣ ሽቦውን አነሳን። ዘንጎቹን ስንፈታ ሁለተኛው ድርድር ላይ ሁለት ክር ተበጥሶ አገኘን፣ ነፋስ ቆጣሪ እንዳልከው። በአጠቃላይ ከ26ቱ ስድስት ማለት ነው። ብረቱ ደህና ነው፣ አንዱም አልተነካም። ቢሆንም የተጎዳው ክላምፕ አፍ ላይ ስለሆነ መጠቅለሉን ተውነው። ቁራጩን ቆርጠን አወጣን፣ አዲስ ሽቦ አስገብተን ሁለቱን ጆይንት (መቀጠያ) ከክላምፑ ራቅ አድርገን በፕሬስ ሠራን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረን የጨረስነው 11 ሰዓት ላይ ነው።

የክላምፑ ጆሮ በዝገት ተይዞ ነበር። በመዶሻ መታ መታ አድርገነው እንኳ ለመዞር እንቢ አለ። በምትኩ ጎማ ያለውን ዓይነት አሰርን፤ ግምጃ ቤት ውስጥ ከሌላ ፕሮጀክት የተረፈ ነበር፣ ለሃውክ የተሠራ መሆኑን ቁጥሩን አመሳክረን ነው ያወጣነው። አፉን በአውራ ጣቴ ፈትሼዋለሁ እህቴ። ቶርክ ሬንችም ተውሰን አመጣን። አለቃዬ ዩ ቦልቱን ራሱ እያፈራረቀ ሲያጠብቅ ሳየው ደስ አለኝ። ዳምፐሩን በገደሉ በኩል አዲስ አድርገን በሠንጠረዡ ርቀት ላይ አስቀመጥነው።

መንጠቆውንም አላቅቄ ዳበስኩት። ደህና ነው። ሻክሉ ላይ ግን ኮተር ፒን አልነበረም፣ ቀዳዳው ባዶ ነበር። ባይነግሩን ኖሮ አናየውም ነበር።

ማዶ ያለውን ታወርም ከፈትን። እዚያ የተበጠሰ የለም፣ ጥቁሩ ዱቄት ግን አለ፣ ጥቂት። ዳምፐሩ ቦታው ላይ ነው። ይሄኛውን እንዴት ልየው? ደህና ነው ብዬ ልለፈው ወይስ ዱቄቱ ብቻውን በቂ ምልክት ነው?

ነፋስ_ቆጣሪ፦

አትለፈው። ዱቄት ካለ ፍትጊያው ጀምሯል፣ ስብራቱ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ጥሩ ጊዜ ላይ ነው ያገኘኸው። ዘንግ የሚቀበል ክላምፕ አርመር ሮድ ጨምረህ እሰርበት። በሸለቆው በኩል ስፓኑ ረጅም ከሆነ አንድ ዳምፐር ላይበቃ ይችላል፣ ለረጅም ስፓን በየጫፉ ሁለት የሚደረግበት ጊዜ አለ። የስፓኑን ርዝመትና ጉተታውን ላክልኝና አብረን እናስላው።

የድሮ_ላይንማን፦

ጎበዝ ልጄ። ያወጣኸውን ቁራጭ እንዳትጥለው። ክሮቹ እንዲታዩ ጫፉን ፈታ አድርገህ አለቃህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥለት፣ አዲስ ለሚቀጠሩትም ይሆናል። ሜዳው ላይ ያሉትን ታወሮች በምትከፍቱበት ጊዜ የዱቄቱን ነገርና የዳምፐሩን ርቀት በየታወሩ ቁጥር እየጻፍክ ያዝ። ከዚያ ፎቶውን እዚህ ለጥፈው፣ እኔም አየዋለሁ።